የኖቬምበር ገጽ

ኃላፊው፦ ሐይቅ ነው አልኩህ።

ጠራዡ፦ እኔ ባሕር መስሎኝ ነው ጋሼ።

ኃላፊው፦ መሰለህ። አንተ እኮ ሲመስልህ ነው ዕድሜህን የጨረስከው። ባሕር ቢሆን ማዶው ይታይ ነበር?

ጠራዡ፦ [ጠጋ ብሎ ያያል] ማዶው አይታይም እኮ ጋሼ። ማዶው ላይ የጎማ መሸጫው ስልክ ቁጥር ነው ያለው።

ኃላፊው፦ ማዶው ከስልክ ቁጥሩ ኋላ ነው።

ጠራዡ፦ እርስዎ እንዴት አዩት?

ኃላፊው፦ እኔ ስልክ ቁጥሩን ከመለጠፌ በፊት ነው ያየሁት። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ሲባል አልሰማህም?

ክርክሩን ያስነሣው ለጎማ መሸጫ ማስታወቂያ ታትሞ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ካላንደር ነው። ቦታው የማተሚያ ቤቱ የጥረዛ ክፍል፣ ሰዓቱ የምሳ ዕረፍት፣ ወሩ ጁላይ ነው፤ ሥራ ቀዝቅዞ ማሽኖቹም ሰዎቹም የሚያንቀላፉበት ሰሞን። ኃላፊው ከአገር ወጥቶ አያውቅም። ነገር ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የአውሮፓ ፎቶ ያለበት ካላንደር ሲያትም ስለኖረ አውሮፓን ገጽ በገጽ እንደሚያውቃት እርግጠኛ ነው። በሱ ሂሳብ በዚህ ግቢ ውስጥ የሚያስብ ጭንቅላት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም መነጽር አድርጓል።

ጠራዡ ደግሞ የታተመውን ካላንደር በሽቦ የሚጠርዘው ሰው ነው። ንግግሩ ዝግ ያለ ነው፤ አንድ ነገር ሲጠየቅ ጥያቄውን መጀመሪያ በሆዱ ሁለት ጊዜ ይደግመዋል፤ ሰዎችም በዚህ ምክንያት ጅል አድርገው ይዘውታል። የኃላፊውን የእህት ልጅ ሊያገባ ነው። ዛሬ የመጣው የሦስት ሳምንት የጫጉላ ፈቃድ ሊያስፈርም ሲሆን እጮኛው “ሳታስፈርም ቤታችን እንዳትመጣ፤ ፊርማ ከሌለ የሰርግ ቀን የለም” ብላ ነው የላከችው። ፎርሙ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ኃላፊው ግን ፊርማ ከመስጠቱ በፊት ትምህርት መስጠት አለበት።

ኃላፊው፦ እና አውሮፓ ነው የምትሄዱት።

ጠራዡ፦ አዎ ጋሼ። እሷ ናት ያለችው።

ኃላፊው፦ እሷን ተዋት። እሷ ምን ታውቃለች?

ጠራዡ፦ የጉዞ ወኪል ቢሮ ነው እኮ የምትሠራው። ሰውን ሁሉ አውሮፓ የምትልከው እሷ ናት።

ኃላፊው፦ ትኬት ነው የምትሸጠው። ጫማ የሚሸጥ ሰው ሁሉ መንገድ ያውቃል ማለት ነው?

ጠራዡ፦ [በሆዱ ሁለት ጊዜ ደግሞት] አያውቅም?

ኃላፊው፦ አያውቅም። [ፎርሙን ያነሣል] እስቲ ምን ብለህ ሞላኸው። የፈቃዱ ምክንያት፣ “ጋብቻ”። ይሁን። የሚሄዱበት ቦታ፣ “ውጭ”። ውጭ? ጓሮም እኮ ውጭ ነው።

ጠራዡ፦ አውሮፓ ለሚለው ቦታው ጠቦኝ ነው።

ኃላፊው፦ አንድ ሙሉ አህጉር በሁለት ፊደል አሳጠርክልን፤ ተባረክ። የፈቃዱ ጊዜ፣ “ፌብሩዋሪ”። [ፎርሙን ዝቅ አድርጎ በመነጽሩ አናት ያየዋል] ፌብሩዋሪ?

ጠራዡ፦ አዎ ጋሼ።

ኃላፊው፦ በእርሳስ።

ጠራዡ፦ ምናልባት ስህተት ካለበት ብዬ ነው።

ኃላፊው፦ በሕይወትህ አንድ ቁም ነገር ሠራህ። ስህተት አለበት። ሰው አግብቶ በፌብሩዋሪ አውሮፓ ይሄዳል? የማንን ልጅ ነው ወስደህ በረዶ ውስጥ የምትቀብረው?

ጠራዡ፦ በጣም ይበርዳል እንዴ?

ኃላፊው፦ [ካላንደሩን ወደ ፌብሩዋሪ ይገልጣል] ይኸውልህ። ምን ይታይሃል?

ጠራዡ፦ ነጭ።

ኃላፊው፦ ሌላስ?

ጠራዡ፦ የጎማ መሸጫው ስልክ ቁጥር።

ኃላፊው፦ ከሱ ሌላ።

ጠራዡ፦ ሌላ ነጭ።

ኃላፊው፦ ያ ነጭ ነገር በረዶ ነው። እታች ያለችው ጥቁር ነጥብስ?

ጠራዡ፦ ቀለም የተፈናጠቀባት ናት።

ኃላፊው፦ እኔ ባተምኩት ላይ ቀለም አይፈናጠቅም። ሰው ነው። ሰው በፌብሩዋሪ እንዲህ ሆኖ ነው የሚቀረው።

ጠራዡ፦ ነፍስ ይማር።

ኃላፊው፦ አልሞተም። እየተንሸራተተ ነው፤ ስፖርት ነው።

ጠራዡ፦ እንግዲያው በየትኛው ወር ይሻላል ጋሼ? እኔ እንጃ፣ አላውቅም።

ኃላፊው፦ አለማወቅህን ማወቅህም ትንሽ እውቀት ነው። ተቀመጥ።

[ጠራዡ ቆሞ የነበረው ወንበር ስላልተሰጠው ነበር። አሁንም ወንበር ስለሌለ የወረቀት ጥቅል ላይ ይቀመጣል። ኃላፊው ጣቱን በምላሱ እያረጠበ ገጾቹን ይገልጣል።]

ኃላፊው፦ ማርች፣ ንፋስ። ኤፕሪል፣ ለራሱም ያልገባው ወር። ጁንና ጁላይ፣ ሕዝብ እንደ ጉንዳን የሚርመሰመስበት። ኦገስት፣ አገሬው ራሱ ጥሎ የሚጠፋበት። እና… [ገጹን በሁለት እጁ ይዞ] ኖቬምበር።

ጠራዡ፦ ኖቬምበር እንኳ ጋሼ ለኛ ትንሽ…

ኃላፊው፦ አታቋርጠኝ። እነዚህን ቅጠሎች እያቸው። ወርቅ ናቸው። ይህ የመጸው መጨረሻ ይባላል። ቅጠሉ ወርቅ፣ ውሃው መስታወት፣ ሰዉ ጥቂት። ጫጉላ ማለት ይኸ ነው።

ጠራዡ፦ ካላንደሩ እኮ ነው ጋሼ ያስጨነቀኝ…

ኃላፊው፦ እኔስ ካላንደሩን አይደል የማሳይህ? ካላንደሩ ራሱ ምን ይላል? ኖቬምበር። ማንበብ ትችላለህ አይደለም?

ጠራዡ፦ [ወደ ፎቶው ተጠግቶ] ጀልባው ላይ ያለችው ሴትዮ እጅጌ የላትም።

ኃላፊው፦ እና?

ጠራዡ፦ በኖቬምበር አይበርዳትም?

ኃላፊው፦ የአገሩ ሰው ናት። ለምዳዋለች።

ጠራዡ፦ አይስክሬምም ይዛለች።

ኃላፊው፦ ለምዳዋለች አልኩህ እኮ።

ጠራዡ፦ [ጣቱን ጀልባው ላይ አድርጎ] ይኼ ፎቶ አምና ሜይ ላይ አልነበረም እንዴ?

[ኃላፊው መነጽሩን ያወልቃል፤ ይጠርጋል፤ መልሶ ያደርጋል። ጊዜ መግዛቱ ነው።]

ኃላፊው፦ ማን አለህ?

ጠራዡ፦ ማንም አላለኝም። ሰላሳ ሺህ ጊዜ በእጄ አልፏል።

ኃላፊው፦ ነበር። ዘንድሮ ወደ ኖቬምበር ያዛወርኩት እኔ ነኝ።

ጠራዡ፦ የኖቬምበሩስ የት ሄደ?

ኃላፊው፦ ጣልኩት። ሰማዩ ግራጫ፣ ዛፉ ራቁቱን፣ መንገዱ ጭቃ። ደንበኛው “ይህን ያየ ሰው መኪናውን ይሸጣል እንጂ ጎማ አይገዛም” አለኝ። ሐቁን ነው።

ጠራዡ፦ ያን ጊዜ ግን ቅጠሉ አረንጓዴ ነበር ጋሼ።

ኃላፊው፦ ቢጫ ጨመርኩበት።

ጠራዡ፦ ቅጠሉ ላይ?

ኃላፊው፦ ሁለት በርሜል ቢጫ ቀለም ተርፎኝ ነበር። ምን ላድርገው? ልጠጣው? ጨመርኩበት፣ ወርቅ ሆነ። ተፈጥሮ የረሳችውን ሰው ቢያስታውሳት ምን ነውር አለው?

ጠራዡ፦ ታዲያ እውነተኛው ኖቬምበር የጣሉት ነው ማለት ነው?

ኃላፊው፦ እውነተኛው የታተመው ነው። ያልታተመ ነገር ወሬ ነው።

ጠራዡ፦ እርስዎ አውሮፓ ሄደው ያውቃሉ ጋሼ?

ኃላፊው፦ ሄደው የመጡትን አይቻለሁ። ሁሉም ያዩት አንድ ሆቴልና አንድ ሱቅ ነው። እኔ በየዓመቱ አሥራ ሁለት ቦታ አያለሁ፤ ለዚያውም ሻንጣ ሳልሸከም።

ጠራዡ፦ ባለቤትዎስ? በጫጉላዎ የት ነበር የሄዳችሁት?

ኃላፊው፦ እኔ? እኔ በማግስቱ ሥራ ገባሁ። ሰው ሥራ እያለው ጫጉላ አይልም ነበር በኛ ጊዜ።

ጠራዡ፦ እሳቸው ምን አሉ?

ኃላፊው፦ ደስ አላቸው።

ጠራዡ፦ ሥራ ስለገቡ?

ኃላፊው፦ ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ። ይህ ካላንደር ስንት ገጽ አለው?

ጠራዡ፦ አሥራ ሦስት።

ኃላፊው፦ አሥራ ሁለት።

ጠራዡ፦ ከነሽፋኑ አሥራ ሦስት ነው።

ኃላፊው፦ ሽፋኑ ጎማ ነው። ጎማ ለማየት አውሮፓ አይኬድም። አሥራ ሁለት ገጽ፣ አሥራ ሁለት ከተማ፣ አሥራ ሁለት ቀን። ከጃንዋሪ ትጀምርና በዲሴምበር ትጨርሳለህ።

ጠራዡ፦ በገጹ ተራ?

ኃላፊው፦ በገጹ ተራ። ያለ ሥርዓት የሚዞር ሰው ዞሮ ዞሮ ምንም አያይም።

ጠራዡ፦ ጃንዋሪና ማርች ግን አንድ ከተማ አይደሉም? ድልድዩ ያው ነው። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከጎን።

ኃላፊው፦ ድልድይ ሁሉ ይመሳሰላል።

ጠራዡ፦ ድልድዩ ላይ ያለው ሰውዬም ያው ነው። ቦርሳውም።

ኃላፊው፦ አየህ? ሰውዬው ተጓዥ ነው። ጃንዋሪ እዚያ፣ ማርች እዚህ። እንዲህ ነው አውሮፓ የሚዞረው።

ጠራዡ፦ ቆሞ ነው እኮ ያለው።

ኃላፊው፦ ለፎቶ ነው የቆመው። አንተ ሰው፣ እኔ አገር ላሳይህ እለፋለሁ፣ አንተ ሰው ትቆጥራለህ።

ጠራዡ፦ ይቅርታ ጋሼ። የቀሩት ዘጠኝ ቀናትስ?

ኃላፊው፦ ለመንገድ። ባቡሩ በአየር አይሄድም።

ጠራዡ፦ ለመተኛትስ?

ኃላፊው፦ ባቡር ውስጥ ይተኛል። እዚያ ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ ነው የሚተኛው።

ጠራዡ፦ ሙሽሪትም?

ኃላፊው፦ ለሷ የመስኮቱን ወንበር ትሰጣታለህ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች?

ጠራዡ፦ እሱን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ኃላፊው፦ አትጠይቃት። ሴትን የት እንሂድ ብሎ መጠየቅ ባቡሩን ማስመለጥ ነው። በዚያ ላይ ብቻችሁን አልለቃችሁም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ትደውልልኛለህ። የት እንዳለህ ትነግረኛለህ፤ እኔ እዚህ ካላንደሩ ፊት ቆሜ ግራ ታጠፍ፣ ቀኝ ታጠፍ እልሃለሁ።

ጠራዡ፦ በየቀኑ?

ኃላፊው፦ በየቀኑ። ማታም ትደውላለህ።

ጠራዡ፦ ማታም?

ኃላፊው፦ ማታም። ያየኸውን ሪፖርት ታደርጋለህ፤ ፎቶ ትልካለህ፤ እኔ ከገጹ ጋር አመሳክረዋለሁ። ካልተመሳሰለ በማግስቱ ተመልሰህ ታየዋለህ።

ጠራዡ፦ ሙሽራ እኮ ነኝ ጋሼ።

ኃላፊው፦ ሙሽራ ስልክ አይደውልም የሚል ሕግ አለ?

ጠራዡ፦ [ያስባል] ሕግ እንኳ የለም።

[የምሳ ዕረፍቱ ሊያልቅ ነው። ጠራዡ የግድግዳውን ሰዓት ሰረቅ አድርጎ ያያል፤ ከዚያም ፎርሙን፤ ከዚያም የኃላፊውን እስክሪብቶ። እስክሪብቶው ገና ኪስ ውስጥ ነው። ዛሬ ባዶ እጁን ከወጣ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም።]

ጠራዡ፦ ጋሼ፣ ለኔ ፌብሩዋሪ ይሁንልኝ።

ኃላፊው፦ ምን?

ጠራዡ፦ ፌብሩዋሪ ይሻለኛል። ኖቬምበር ላይ ሥራው…

ኃላፊው፦ ሥራው ምን?

ጠራዡ፦ ሥራው አለ። እኔ ከሌለሁ ጥረዛውን…

ኃላፊው፦ [ይስቃል፤ የደስታ ሳቅ አይደለም] አንተ ሦስት ሳምንት ብትጠፋ ማተሚያ ቤቱ የሚዘጋ መሰለህ። ስማ ልጄ፣ ጥረዛ ምን ጥበብ አለው? ቀዳዳ፣ ሽቦ። ቀዳዳ፣ ሽቦ። ማንም ይሠራዋል።

ጠራዡ፦ ማን ጋሼ?

ኃላፊው፦ ማንም።

ጠራዡ፦ እርስዎም?

ኃላፊው፦ እኔም። ዓይኔን ጨፍኜ።

ጠራዡ፦ [ጣቱን ፎርሙ ላይ አድርጎ] እዚህ ጋ “በፈቃዱ ጊዜ ሥራውን ተክቶ የሚሠራ” የሚል ባዶ መስመር አለ። ምን ብዬ እንደምሞላው ጨንቆኝ ነው የተውኩት።

ኃላፊው፦ እሱ ነው ያስጨነቀህ? ለዚህ ነው ይህን ያህል ስትንተባተብ የቆየኸው?

ጠራዡ፦ አዎ ጋሼ።

ኃላፊው፦ አምጣው ወዲህ። [እስክሪብቶውን ያወጣል። “ፌብሩዋሪ” የሚለውን በላጲስ ያጠፋል፤ ፍርፋሪውን እፍ ይላል] ከኖቬምበር ዘጠኝ እስከ ሃያ ዘጠኝ። በእስክሪብቶ። ወንድ ልጅ የወሰነውን በእርሳስ አይጽፍም። ተክቶ የሚሠራ፣ “እኔ ራሴ”። ይኸው። [ይፈርማል፤ ፊርማው እንደ ወትሮው ከመስመሩ ወጥቶ የጎረቤቱን ባዶ ቦታ ይወስዳል] ሦስት ኮፒ ነው። አንዱን ለሰው ኃይል፣ አንዱን ለሥራ አስኪያጁ፣ አንዱን ለራስህ።

ጠራዡ፦ ሐሳብዎን ቢቀይሩስ ጋሼ?

ኃላፊው፦ እኔ የፈረምኩትን እኔም አልሽረውም። ይህን ግቢው ሁሉ ያውቃል። ሂድ፣ የሰው ኃይሉ መስኮት ሳይዘጋ አስገባው።

ጠራዡ ወጣ። እዚህ በሠራበት ስምንት ዓመት ውስጥ ሲሮጥ የታየው ያን ቀን ብቻ ነው። ኃላፊው ይህን ልብ አላለም፤ እሱ ከኖቬምበር ገጽ ፊት ቆሞ በገዛ ቢጫው እየተደሰተ ነበር። “ምስኪን” አለ ለራሱ። “እኔ ባልኖርለት ኖሮ ልጅቱን በረዶ ላይ ያስቀራት ነበር።” ምራቁን ውጦ ሳይጨርስ ጠራዡ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ተመለሰ። ወዲያው የጠረጴዛው ስልክ ጮኸ።

ኃላፊው፦ [ወደ ስልኩ፤ የደወለው ሥራ አስኪያጁ ነው] አቤት ጌታዬ። … ደህና ነኝ። … የምሥራች? … የጎማ መሸጫው? በጁላይ ነው እንዴ ዘንድሮ ያዘዙት? … እንደ አምናው ሰላሳ ሺህ ነው? … ሰማንያ። ሰማንያ ሺህ። … ትልቅ ዕድል ነው ጌታዬ። መቼ ነው የሚረከቡት? … [ድምፁ ዝቅ ይላል] ኖቬምበር መጨረሻ። … አዎ፣ የካላንደር ሰሞን ነው። አዎ፣ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ለማንም ፈቃድ የለም። ማስታወቂያውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። … ለማንም ጌታዬ። … ምን? ጠረጴዛዎ ላይ? አሁን ደረሰ? … አዎ፣ ፊርማው የኔ ይመስላል። … ጽሕፈቱም የኔ ይመስላል። … “እኔ ራሴ” ማለት… እኔ ራሴ ማለት ነው ጌታዬ። … ቆራጥነቴን አደነቁ? … አመሰግናለሁ ጌታዬ። [ስልኩን ሲያስቀምጥ ማረፊያውን ሁለት ጊዜ ይስታል]

ጠራዡ፦ ደህና ነው ጋሼ?

ኃላፊው፦ ሰማንያ ሺህ።

ጠራዡ፦ ብዙ ቀዳዳ ነው።

ኃላፊው፦ ፎቶው የካላንደሩን ሰሞን አስረሳኝ እኮ፤ ለምን አልነገርከኝም?

ጠራዡ፦ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ነበር። አንዴ “አታቋርጠኝ” አሉኝ፤ አንዴ ፎቶውን አሳዩኝ፤ በሦስተኛው ሳቁብኝ።

ኃላፊው፦ ፎርሙን አምጣው።

ጠራዡ፦ የትኛውን? አንዱ ሰው ኃይል ጋ ነው፤ ማህተም ተመትቶበታል። አንዱ ሥራ አስኪያጁ ጋ ነው። አንዱ ኪሴ ውስጥ ነው።

ኃላፊው፦ የኪስህን።

ጠራዡ፦ እሺ። [ያወጣል] እርስዎ ካሉ እሰርዘዋለሁ። ለእናቷ ግን እርስዎ ይንገሩልኝ።

ኃላፊው፦ ለእህቴ?

ጠራዡ፦ “የልጅሽን ጫጉላ የሰረዝኩት እኔ ነኝ” ይበሏቸው።

ኃላፊው፦ [ወንበሩ ላይ ዘፍ ይላል] ታላቅ እህቴ ናት እኮ።

ጠራዡ፦ አውቃለሁ ጋሼ።

ኃላፊው፦ እሷ ስትቆጣ አታውቃትም።

ጠራዡ፦ አንድ ቀን ከሳሎን ሆነው ሲቆጡ ውጭ ሆኜ ሰምቻለሁ። ቆሜ ጠበቅኩ እንጂ አልገባሁም።

ኃላፊው፦ [ወረቀቱን በጣቱ ወደ ጠራዡ ይገፋል] ኪስህ ውስጥ መልሰው።

[ጠራዡ ወረቀቱን አራት አጣጥፎ በደረት ኪሱ ያስገባና ኪሱን ይቆልፋል።]

ኃላፊው፦ ቆይ። አንተ ግን ፌብሩዋሪ ነበር የፈለግከው።

ጠራዡ፦ እኔ ፌብሩዋሪን ፈልጌ አላውቅም።

ኃላፊው፦ ጽፈሃል እኮ!

ጠራዡ፦ በእርሳስ። “በእርሳስ ጻፈው” ያለችኝ እሷ ናት።

ኃላፊው፦ የእህቴ ልጅ?

ጠራዡ፦ “ኖቬምበር ብለህ ከገባህ ከነፎርምህ ያባርርሃል። ፌብሩዋሪ ብለህ ግባና አላውቅም በል። አጎቴ አላውቅም ያለውን ሰው ሳያስተምር አይለቅም፤ ራሱ አጥፍቶ ኖቬምበር ያደርግልሃል” አለችኝ። ላጲሱንም የሰጠችኝ እሷ ናት፤ እርስዎ ግን የራስዎን ተጠቀሙ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ኃላፊው ራሱን ዳበሰ፤ ሁለቱም ደርሰውበታል። ይህ ሰው ቅድም ለጥቁሯ ነጥብ “ነፍስ ይማር” ያለው ያው ራሱ መሆኑን ለማረጋገጥ ይመስል ጠራዡን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ያው ነው።

ኃላፊው፦ ግን ለምን? ዓመቱ አሥራ ሁለት ወር ነው። ለምን የኔን ኖቬምበር?

ጠራዡ፦ ለሷ ፈቃድ የሚሰጧት ኖቬምበር ላይ ብቻ ነው። በሌላው ወር ሰው ሁሉ ስለሚጓዝ ቢሮዋን ለቃ አትወጣም። ለኔ ደግሞ ከካላንደር ሰሞን በቀር ሁሉም ይፈቀድልኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ የሷ ፈቃድና የኔ ፈቃድ ተገናኝተው አያውቁም ጋሼ። አምና በካላንደር ሰሞን መጥታ በር ላይ ስትጠብቀኝ ሽቦ በያዘ እጄ ሰላም ብያት ነው የተመለስኩት። ቆማ ስታለቅስ አየኋት። ያን ቀን ሳላገባት ሰው የሚቀድመኝ መስሎኝ ፈራሁ። እወዳታለሁ። ሌላ ምን ላድርግ?

[ይህ ጠራዡ በስምንት ዓመት ውስጥ የተናገረው ረጅሙ ንግግር ነው። ኃላፊው ካላንደሩን ያያል። ካላንደሩ ግን ዛሬ አላገዘውም።]

ኃላፊው፦ ለነገሩ፣ እኔ የመረጥኩላችሁ ወር ቆንጆ ነው። ቢያንስ ወርቁን ቅጠል ታያላችሁ።

ጠራዡ፦ በዚያ ጊዜ ቅጠሉ ረግፎ አልቋል አለች።

ኃላፊው፦ ፀሐዩስ?

ጠራዡ፦ አሥር ሰዓት ላይ ይጨልማል አለች።

ኃላፊው፦ ጀልባውስ?

ጠራዡ፦ ጀልባ አይሠራም። ከጠዋት እስከ ማታ ይዘንባል አለች። ለዚህ ነው ማንም በማይጠይቀው ወር ለሷ ፈቃድ የሚሰጧት።

ኃላፊው፦ አሥራ ሁለቱ ከተማስ?

ጠራዡ፦ አንድ ከተማ ነው የያዘችው። አንድ ክፍል።

ኃላፊው፦ [ያንሰራራል፤ ቢያንስ በመጨረሻው ዙር ያሸነፈ መስሎታል] ይኸውልህ። ይኸ ነው እንግዲህ ብልጠታችሁ። ቅጠል የለ፣ ፀሐይ የለ፣ ጀልባ የለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በዝናብና በጨለማ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶባችሁ ምን ልትሠሩ ነው?

[ጠራዡ በሩ ጋ ደርሷል። ይህን ጥያቄ በሆዱ አልደገመውም።]

ጠራዡ፦ የሱ ፎቶ እንኳ ካላንደር ላይ አይወጣም ጋሼ።